ስለ ገበያ ዋጋ መሰብሰብና ስለ ኖፓ ቡና

ዋጋን ሳያውቅ የሚሸጥ ሰው ንብረቱን ለገዢው ፈቃድ የተወ ነው። ገበሬ ዓመት ሙሉ ደክሞ፥ ቡናውን ለቅሞና አድርቆ ወደ ገበያ ባመጣ ጊዜ፥ ያው ቡና በሌላ ስፍራ በስንት እንደሚሸጥ ካላወቀ፥ ዋጋውን የሚቈርጥለት ዕውቀቱ ሳይሆን ችግሩ ነው። ይህ ነገር በማናቸውም አገር የታወቀ ነው፤ በኢሉባቦር ግን ረዥም ታሪክ አለው።

በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ስፍራ ከተፈቀደ በኋላ፥ የኢሉባቦር ቡና በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ እየወረደ፥ ባሮ በክረምት በሞላ ጊዜ በመርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። በዚያም ዘመን የውጭ አገሩን ዋጋ ቀድሞ የሚሰማው በወንዙ ዳር የተቀመጠው ነጋዴ እንጂ፥ በኖፓ ጫካ ቡና የሚለቅመው ገበሬ አልነበረም። ከወሬው መዘግየት የሚገኘውም ትርፍ ቀድሞ ለሰማው ነበረ።

ዛሬ የመርከቡ ዘመን ዐልፏል። ከኢትዮጵያ የሄደው ቡና በአሜሪካና በአውሮፓ ሱቆች ተቈልቶ ሲሸጥ፥ ስሙና ዋጋው፥ ክብደቱና የመጣበት አገር በኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ለሁሉ ይታያል። መቱ ያለ ሰው «የኢትዮጵያ ቡና» ብሎ ቢፈልግ፥ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳለ፥ የባሕር ማዶውን ሱቅ መደርደሪያ በፊቱ ያገኛል። ነገር ግን የፍለጋው ውጤት አንድ ገጽ ብቻ አይደለም። ገጹ ገጽን እየወለደ፥ ዕቃው በመቶና በሺህ የሚቈጠር ይሆናል። ዋጋውም በየሳምንቱ ይለዋወጣል። አንድ ጸሓፊ ይህን ሁሉ በእጁ ልገልብጥ ቢል፥ የመጨረሻውን ገጽ ሳይደርስ የመጀመሪያው ይለወጥበታል። ስለዚህ ይህ ሥራ ለኮምፒዩተር ተሰጠ። ኮምፒዩተሩም የሚሠራው ሰው በጻፈለት ትእዛዝ፥ ማለት ኮድ በሚባለው ነው።

የሥራውንም አካሄድ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የብራና መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ባየ ጊዜ፥ በብዙ ጥቁር ጽሕፈት መካከል ዐይኑ ወዲያው ያርፍበታል። ቀዩ ቀለም «ስሙ ይህ ነው» ብሎ ያመለክተዋልና። በድረ ገጽም እንደዚሁ፥ ኤችቲኤምኤል በሚባለው የአጻጻፍ ሥርዓት፥ ለአንባቢው የማይታይ ምልክት በየቃሉ ዙሪያ ተቀምጧል። ይህ የዕቃው ስም ነው፥ ይህ ዋጋው ነው፥ ይህ ክብደቱ ነው የሚል ምልክት ነው። በፍለጋ ውጤት ላይ የተደረደረው እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ዐይነት ምልክት ስላለው፥ ኮዱ የመጀመሪያውን ዕቃ ማንበብ ከቻለ የቀሩትንም በዚያው መንገድ ያነባቸዋል።

እንግዲህ ኮዱ በመጀመሪያ ገጹን ከባለቤቱ ኮምፒዩተር ይጠይቃል። ገጹም በመጣለት ጊዜ ምልክቱን እየተከተለ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይለያል። ከእያንዳንዱም ስሙን፥ ዋጋውን፥ ክብደቱን፥ የሻጩን ሱቅና የዕቃውን አድራሻ ወስዶ በሰንጠረዥ ይጽፋል። ከዚያም «ቀጣይ ገጽ» የሚለውን አገናኝ ተከትሎ ይሄዳል፥ ገጹም እስኪያልቅ ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ይህን የሚፈጽም ትእዛዝ ከጥቂት ዐሥር መስመር አይበልጥም።

ይህ ጥበብ ለመንግሥት ሥራ እንዴት እንደሚጠቅም በአርጀንቲና የሆነው ነገር ያስረዳል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ የአርጀንቲና መንግሥት የሚያወጣው የኑሮ ውድነት ቍጥር በሕዝብ ዘንድ እምነት አጥቶ ነበር። በአሜሪካ በኤም አይ ቲ የነበሩት አልቤርቶ ካቫሎና ሮቤርቶ ሪጎቦን፥ ሱቆች በኢንተርኔት የሚጽፉትን ዋጋ በኮድ በየቀኑ እየሰበሰቡ በ2008 ትልቅ ጥናት አቋቋሙ። በተሰበሰበውም ዋጋ ሲመዘን፥ መንግሥቱ በዓመት 8 በመቶ ያህል ነው ያለው የዋጋ ጭማሪ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዓለም አቀፉም የገንዘብ ድርጅት በ2013 አርጀንቲናን ስለ ቍጥሯ ትክክለኛ አለመሆን ወቀሰ። እንግዲህ በአደባባይ የተጻፈ ዋጋ በትዕግሥት ሲሰበሰብ፥ ለሹም መስተዋት፥ ለሕዝብም ምስክር ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ይህ መስተዋት የሚያሳየው በፊቱ የቆመውን ብቻ ነው። የኖፓ ጕዳይም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ቡናን በመደብ በከፈለ ጊዜ፥ በደሌን፥ ኖፓን፥ ጮራን፥ ያዮን፥ አሌን፥ ዲዱንና ዴዴሳን በአንድነት «ጅማ ለ» በተባለው መደብ አገባቸው። ይህም ለመጋዘንና ለጨረታ አመቺ ነበር፤ ብዙ ቡና በአንድ ደረጃ ተሰብስቦ በቶሎ ይሸጣልና። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሄደ ቡና ባሕር በተሻገረ ጊዜ የሚጠራው በጅማ ስም ነው፤ የኖፓ ስም ከመጋዘኑ በር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ኮዱ የባሕር ማዶውን ሱቅ ሁሉ ቢያስስ፥ የኖፓ ቡና በዚያ እየተጠጣ ሳለ «ኖፓ» የሚለውን ቃል ሊያጣ ይችላል። ኮድ የተጻፈውን ያነባል እንጂ ያልተጻፈውን አይገምትም።

በዚህም ላይ የአጻጻፍ ችግር ይጨመርበታል። የኖፓ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ «ፐ»ን አንድ ጊዜ፥ ሌላው ሁለት ጊዜ፥ ሌላውም በ«ኤች» አስከትሎ ይጽፈዋል። ለሰው ዐይን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት አገሮች ናቸው። በአማርኛም ቢሆን ሐረር በሐመሩ ሐ ወይም በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ኮምፒዩተሩ እንደ ሁለት ስም ይቈጥረዋል። ስለዚህ ኮዱን የሚጽፈው ሰው አስቀድሞ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚመልስ፥ የልዩ ልዩውንም አጻጻፍ ዝርዝር የያዘ ትእዛዝ ማዘጋጀት ይገባዋል። በዚህ ረገድ የፊደልን ጠባይ የሚያውቁ ሊቃውንት ከኮምፒዩተር ዐዋቂዎች ጋራ ቢመክሩ ሥራው ይቀናል።

ስም ዋጋ እንዳለው ኢትዮጵያ ራሷ አስመስክራለች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 መንግሥቱ ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ ጠይቆ፥ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋራ ተስማማ። እነዚህ ስሞች በየሱቁ ገጽ ስለሚጻፉ፥ ዋጋቸውን መሰብሰብና ማነጻጸር ይቻላል። ኖፓ ግን ከሦስቱ አልተቈጠረችም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፥ ስሙ ያልተጻፈ ቡናም በስሙ አይፈለግም፤ በስሙም ያልተፈለገ ቡና በስሙ ዋጋ አያገኝም።

ስሙ የተገኘ እንደ ሆነም፥ የተሰበሰበውን ቍጥር ሳይመረምሩ ማመን ስሕተት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሱቅ 340 ግራም የተቈላ ቡና በ17 ዶላር ቢሸጥ፥ ኪሎው 50 ዶላር፥ 17 ኪሎ የሆነው ፈረሱላም 850 ዶላር መጣ ማለት ነው። ይህን ቍጥር ብቻ ይዞ ወደ ኖፓ የሄደ ሰው ገበሬውን «ተዘርፈሃል» ብሎ ያስቈጣዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ቡና ሲቈላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ያጣል። የመርከቡ ኪራይ፥ የቈይው ድካም፥ የሱቁ ኪራይና ግብሩ ሁሉ ከዚያው ዋጋ ውስጥ ነው። ስለዚህ የተቈላውን ከጥሬው፥ የታጠበውን ካልታጠበው፥ የችርቻሮውንም ከጅምላው ጋራ ማመዛዘን አይገባም። ጥቅሙ የሚገኘው ያንኑ ዐይነት ከሳምንት እስከ ሳምንት፥ ከወር እስከ ወር በመከታተል ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ሱቁ ዋጋ ቀንሻለሁ ሲል አሮጌውን ዋጋ ሰርዞ ከዐዲሱ ጐን ይተወዋል፤ ያልተጠነቀቀ ኮድ የተሰረዘውን ይወስዳል። ገንዘብ የተከፈለበት ማስታወቂያ ያው ዕቃ በሦስትና በአራት ገጽ ላይ እንዲታይ ያደርጋል፤ ያልተጠነቀቀ ኮድ አንዱን ዕቃ አራት አድርጎ ይቈጥራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ባለ ሱቁ የገጹን አሠራር በለወጠ ጊዜ የሚሆነው ነው። የቀድሞው ምልክት ስለ ጠፋ ኮዱ ባዶ ሰንጠረዥ ይዞ ይመለሳል። ይህን ያልመረመረ ሹም «በገበያው ዕቃ የለም» ብሎ ሊያስታውቅ ይችላል። ማግኘት አለመቻልና አለመኖር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ኮዱ ባዶ እጁን በተመለሰ ጊዜ ዝም እንዳይል፥ ይልቁንም ጥፋት መኖሩን እንዲናገር ተደርጎ መጻፍ አለበት።

ሥራው ደንብና ጨዋነትም ያስፈልገዋል። ባለ ድረ ገጾች ኮድ የትኛውን ክፍል ሊያነብ፥ የትኛውንም ሊተው እንደሚገባው የሚያስታውቁበት «ሮቦትስ» የተባለ ጽሑፍ አለ። ይህ ልማድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ተጀምሮ በ2022 የታወቀ የኢንተርኔት ደንብ ሆኗል። እርሱ ማስታወቂያ እንጂ ቍልፍ አይደለም፤ ነገር ግን በር ስላልተቈለፈ ብቻ ሳይፈቀድለት የሚገባ ጨዋ የለም። ኮዱም ከአንዱ ጥያቄ እስከ ሌላው ጥቂት ሰከንድ ማረፍ አለበት፤ በአንድ ጊዜ ሺህ ጥያቄ ቢያዘንብ የሰውን ሱቅ በር እንደ መዝጋት ይሆናልና። የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016ም የሰውን ግላዊ መረጃ ይጠብቃል። ስለዚህ ዋጋ የሚሰበስብ ሰው የቡናውን ዋጋ ይውሰድ፤ የሻጩን ስልክና የግል ስም ግን ይተው። ገበያን ለማወቅ የሰውን ጓዳ ማየት አያስፈልግም።

እነዚህ ሁሉ በውጭ አገር ለተጻፈው ዋጋ ነው። በአገር ውስጥ ያለው ችግር ግን ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በኢንተርኔት የሚደረገው ንግድ ብዙው የሚካሄደው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቍጥር 1205/2012 ለዚህ ዐይነቱ ንግድ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ የዕቃውን ሥዕል ለጥፎ ዋጋውን «በውስጥ መስመር ጠይቁ» ይላል፤ ወይም ዋጋውን በሥዕሉ ላይ ያትመዋል። የተሰወረውን ዋጋ ኮድ አያገኘውም፤ በሥዕል ላይ የታተመውንም በጭንቅ ያነበዋል። በመቱ፥ በጎሬና በበደሌ ገበያ በቃል የሚነገረው ዋጋማ ከነጭራሹ አይጻፍም። እንግዲህ በኢንተርኔት የተሰበሰበውን ብቻ «የአገር ዋጋ» ብሎ መጥራት፥ የሚጽፈውን ሰምቶ የማይጽፈውን መርሳት ነው። የሚረሳውም ዘወትር ከመንገድና ከኔትወርክ የራቀው ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ከኮዱ በፊት በጽሕፈቱ ይጀምራል። በወረዳና በኅብረት ሥራ ማኅበር ያሉ ጸሓፊዎች፥ ቡና በተሸጠ ቀን ስድስት ነገር ቢመዘግቡ ይበቃል፤ እነዚህም የበቀለበት ቀበሌ፥ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ፥ ደረጃው፥ በኪሎ ወይም በፈረሱላ መመዘኑ፥ ዋጋውና ቀኑ ናቸው። የስሙም አጻጻፍ አንድ ይሁን። ይህ መዝገብ በሥዕል ሳይሆን በፊደል ተጽፎ በግልጽ የወጣ እንደ ሆነ፥ በመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት የውጭውንና የውስጡን ዋጋ በአንድ ሰንጠረዥ የሚያጋጥም ኮድ ለመጻፍ ብዙ አይቸገርም። የተገኘውም ውጤት በገበያው ቀን በገበሬው ቋንቋ ይነገር፤ በቢሮ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዋጋ ለገበሬው ካልተሰበሰበ ዋጋ አይሻልምና።

በ2002 ዓ.ም. የያዮ የቡና ደን በዩኔስኮ መዝገብ ገብቶ ስሙ በዓለም ተሰምቷል። የኢሉባቦር ደን እንደዚህ ከተመዘገበ፥ የኢሉባቦር ገበሬ የድካሙ ዋጋ የማይመዘገብበት ምክንያት የለም። በባሮ ዳር የቆመው ነጋዴ ቀድሞ የሰማውን ዋጋ ዛሬ የኖፓ ገበሬ በዚያው ቀን ሊሰማው ይቻላል። መሣሪያው ተገኝቷል፤ የጐደለው እውነተኛ ጽሕፈትና ያንን የሚጠብቅ ታማኝ ጸሓፊ ነው።