ትራውትን በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ

ትራውትን በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ላባና ክር በመንጠቆ ላይ ተጠቅልሎ ነፍሳትን በሚያስመስል ማታለያ ዓሣ የማጥመድ ዘዴ ነው። ማታለያው በጣም ቀላል ስለሆነ ወደ ውኃው የሚወረወረው በማጥመጃው ገመድ ክብደት ነው።

የትራውት ምግብ በየወቅቱ ስለሚለያይ ማታለያውም ይለወጣል። በደቡብ እንግሊዝ በቴስት ወንዝ፣ በግንቦት መጨረሻ ሜይፍላይ የተባሉ ነፍሳት ከውኃው ወጥተው ክንፍ ሲያወጡ የሚንሳፈፍ ማታለያ ይመረጣል። ነፍሳቱ ገና በውኃ ውስጥ ባሉበት ጊዜ ግን የሚሰጥም ማታለያ ያስፈልጋል።

ውኃ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ፣ ተይዞ የተለቀቀ ትራውት እንኳ ሊሞት ይችላል። በቅዝቃዜው ወራት ደግሞ ቡናማ ትራውት በጠጠር ውስጥ እንቁላል ስለሚጥል በእንግሊዝ ወንዞች እሱን ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው።

በኢትዮጵያ ከውጭ የገባ ትራውት በባሌ ተራሮች ወንዞች ይገኛል።