ባቡር የተወው ጣቢያ፤ አዋሽ

ሐዲድ ከፋ ደርሶ አያውቅም። ቢሆንም የባቡሩ ነገር ለእኛ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። የደቡብ ምዕራቡ ቡና ከፊሉ በጋምቤላ በኩል ሲወጣ፣ ከፊሉ በሲራራ ነጋዴ በቅሎ አዲስ አበባ ደርሶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው በባቡር ነበር።

ለባቡሩ ፈቃድ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ገባ። እዚያ ገንዘብ አልቆ ለዓመታት ቆመና አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

አዋሽ በሁለቱ መካከል ናት። ያን የመሰለ ቆላ ላይ ጣቢያ ለምን ተሠራ? «መንደር ስላለ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ካልጠጣ አይሄድም። ሐዲዱም ነጠላ ስለሆነ ወጪና ወራጁ የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። በዚያ ላይ ባቡሩ መጀመሪያ አካባቢ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። የሚያድር ሰው ደግሞ ራትም አልጋም ይፈልጋል። ቡፌ ዳዋሽ የተባለው ሆቴል የቆመው ለዚሁ ነው። መንደሩም በጣቢያው ዙሪያ አደገ።

ክፉ ቀንም አይቷል። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባና ከ400 በላይ ሰው አለቀ።

ታዲያ ጣቢያውን ምን ዘጋው? በአንድ ቀን አልተዘጋም። በ1940ዎቹ የናፍጣ ሞተር ሲመጣ ውሃ መቅዳቱ ቀረ። ሌሊት መጓዝ ሲለመድ አዳሪው ቀረ። ከዚያ የጭነት መኪናው በአሰብ መንገድ ዕቃውን ወሰደ። ሐዲዱ አረጀ፤ ጥገናው አልደረሰለትም፤ በ2000 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ባቡሩ ቆመ።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ግን የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር በመሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። አዲሶቹ ጣቢያዎችም አብዛኞቹ ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው። ስለ ሐዲድ ስፋት ሲነገር ፉርጎው መስኮት ሥር ቆማ ፍራፍሬና ቆሎ ትሸጥ የነበረችውን ሴት ማን ያነሳታል? የእሷ ገበያ ባቡሩ የሚቆምባት ያቺ ጥቂት ደቂቃ ነበረች።

ቡፌ ዳዋሽ እንኳ ባቡሩ ከቆመ በኋላም በመኪና የሚመጣ እንግዳ ሲያስተናግድ ቆይቷል።