ከመርሳ ሰማይ በላይ፦ ትንንሽ ሳተላይቶችና የላይኛው ከባቢ አየር ጥናት

መርሳ ላይ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከፍቶ ያመሸ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቀን በጩኸት ታፍኖ የዋለው ጣቢያ ጀምበር ስትጠልቅ ጥርት ብሎ ይገባል፤ ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ይርቃል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይርቃል። ባለሬዲዮው አንቴናውን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ሬዲዮኑን ወደ መስኮት ያስጠጋል። ጥፋቱ ግን የሬዲዮኑ አይደለም። ከባሕር ማዶ የተነሣው ሞገድ እኛ ዘንድ የሚደርሰው አዮኖስፌር ከተባለው የሰማይ ንብርብር ላይ እየነጠረ ነው፤ ይህ ንብርብር ደግሞ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል።

አዮኖስፌር የላይኛው ከባቢ አየር ክፍል ነው። እዚያ አየሩ እጅግ ስስ ነው። የፀሐይ ጨረር ከአቶሞች ላይ ኤሌክትሮን እየነጠቀ አካባቢውን የኤሌክትሪክ ባሕርይ ያለው ያደርገዋል። ሲመሽ የጨረሩ ኃይል ይቋረጣል፤ የተነጣጠሉት ተመልሰው ይጋጠማሉ፣ ንብርብሩም ቅርጹን ይቀይራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሩቅ አገር አይደለም። ኤሌክትሮን በብዛት የሚገኝበት ከፍታ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልድያ አዲስ አበባ ከሚያደርሰው መንገድ ያጥራል።

ቅርብ ይሁን እንጂ ለመለካት አስቸጋሪ ነው። የምርምር ፊኛ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያን ጥቂት እንደማለፍ ማለት ነው። የምርምር ሮኬት ከዚያ በላይ ቢወጣም ለደቂቃዎች ለክቶ ይወድቃል። ትልልቆቹ ሳተላይቶች ደግሞ ውድ ስለሆኑ አየሩ ጎትቶ እንዳያወርዳቸው ከፍ ብለው እንዲዞሩ ይደረጋል። በመካከል ያለው ክልል ለረጅም ጊዜ በቂ መለኪያ ሳያገኝ ቆየ።

መላው የተገኘው ከትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቦብ ትዊግስና ጆርዲ ፑዊግ-ሱዋሪ የተባሉ በካሊፎርኒያ የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉትን ኪዩብሳት ነደፉ። የአንዱ ኪዩብ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስቱን ደራርቦ ረዘም ያለ ሳተላይት መሥራት ይቻላል። ጎኖቹ በፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳ ተሸፍነዋል፤ ውስጡ ባትሪ፣ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሬዲዮና መለኪያ አለ። የብዙዎቹ አንቴና አናጢ ከኪሱ ከሚያወጣው የብረት ሜትር የተቆረጠ ነው፤ ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ ጠፈር ሲደርስ ይፈታና ራሱ ይዘረጋል።

ትንሽነቱ ርካሽ አደረገው፤ ርካሽነቱ ደግሞ ብዙ አድርጎ ለመላክ አስቻለ። ብዛቱ ለምን አስፈለገ? ሳተላይት በሰከንድ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ ከመርሳ ወልድያ ያለውን መንገድ በአራት ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል፣ ምድርንም ዞሮ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ብቻውን ለውጥ ቢያይ ለውጡ የቦታ ይሁን የጊዜ መለየት አይችልም። በሐብሩ ወረዳ የዘነበውን ዝናብ በአንድ መለኪያ ብቻ ማወቅ እንደማይቻለው ነው። ተከታትለው የሚያልፉ ብዙ ሳተላይቶች ሲኖሩ ግን አንዱ ያየውን ሌላው ያረጋግጠዋል፣ ወይም ተለውጦ ያገኘዋል።

ይህን ሐሳብ በሰፊው የሞከረው በቤልጂየሙ ፎን ካርማን ተቋም የተመራው ኪውቢ50 የተባለው ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የተሰበሰቡ 36 ኪዩብሳቶች ወደ ጠፈር ተላኩ። 28ቱ የተለቀቁት ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው፤ ከፍታው ከአዲስ አበባ ደሴ ያለውን መንገድ ያህል፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስምንቱ በሕንድ ሮኬት ወጡ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ተሳትፋለች። አንዳንዶቹ ከተለቀቁ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም፤ ከቀሩት መካከል ግን የኤሌክትሮን ብዛትንና የአየሩን ይዘት የለኩ አሉ። ደቡብ አፍሪካ ከዚያ ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ዛኪዩብ-1 የተባለ ኪዩብሳት ልካ በአንታርክቲካ ያለውን የአዮኖስፌር ራዳር ለማስተካከል የሚረዳ የሬዲዮ ምልክት አስተላላፊ አስይዛዋለች። ስፓየር የተባለው ኩባንያ ደግሞ የጂፒኤስ ሞገድ በከባቢ አየር ሲያልፍ እንዴት እንደሚጎብጥ በትንንሽ ሳተላይቶቹ ይለካል።

የእኛ አገር ሰማይ ለዚህ ጥናት የተለየ ዋጋ አለው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ያልፋል፤ ወልድያና መርሳም ከእሱ ብዙ አይርቁም። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይጓዛል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ በአዮኖስፌር ውስጥ ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ግዙፍ አረፋዎች ወደ ላይ ይነሣሉ፤ እነዚህ የጂፒኤስን ምልክት ያናውጣሉ።

አዲስ አበባ ያለው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1957–58 በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ ነው፤ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዊን ለረጅም ዘመን መርተውታል። ኋላ ላይ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እንዳወቀ ይዘንጋው የሚመሩት አምበር የተባለው የማግኔቶሜትር (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) መረብ አዲግራት ላይ ጣቢያ ተከለ። የአዲስ አበባና የአዲግራት ልኬት ልዩነት በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ የሚጓዘውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ጉልበት ይናገራል። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ በመርሳና በወልድያ በኩል ማለፉን ልብ ይሏል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ ይህንኑ ዘርፍ ያጠናል።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትአርኤስኤስ-1ን፣ በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ 13 ቀን ሁለተኛውን ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች። ሁለቱም የመሬት ገጽ የሚያነሡ ነበሩ፤ ከራሳችን በላይ ያለውን አየር የሚለካ የራሳችን ሳተላይት ገና ነው።

ጥናቱ የቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 የፀሐይ ማዕበል የላይኛውን አየር አሙቆ ስላወፈረው ስታርሊንክ ገና ካመጠቃቸው 49 ሳተላይቶች አብዛኞቹ ተመልሰው ወደቁ። እኛም የገበሬውን ማሳ ወሰን፣ የመንገዱን መስመር በጂፒኤስ የምንለካ ሆነናል፤ የምልክቱ መናወጥ እኛንም ይነካል።

ለመጀመር ሮኬት አያስፈልግም። የብዙ ኪዩብሳቶችን ምልክት በእጅ በተሠራ አንቴና፣ በትንሽ ተቀባይና በአንድ ላፕቶፕ መስማት ይቻላል። አንዱ ሳተላይት ከአድማስ አድማስ ሲያልፍ ከአሥር ደቂቃ ብዙ አይቆይም፤ በየአገሩ የሚሰማ ጆሮ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የመርሳና የሐብሩ የፊዚክስ አስተማሪዎች፦ አንድ አንቴና ጣሪያ ላይ ትከሉ፣ ተማሪዎቻችሁን አሰሟቸው። ሳተላይቶቹ በየቀኑ በላያችን እያለፉ ነው።