ደመወዝ ከመሥሪያ ቤት እስከ ጓዳ

ደመወዝ የሚለው ቃል ደምና ወዝ ከሚባሉት ከሁለቱ ቃላት የተጋጠመ ነው እያሉ አባቶች ይተረጉሙታል። ሰው ወር ሙሉ ደክሞ ወዙን አንጠፍጥፎ የሚቀበለው ዋጋ ስለ ሆነ ስሙ ከግብሩ ጋራ የተስማማ ነው። እንዲህ ባለ ድካም የተገኘ ገንዘብ ከከፋዩ እጅ ወጥቶ ከልጆች ማዕድ እስኪደርስ ድረስ በምን መንገድ እንደሚሄድ ማወቅ ለባልም ለሚስትም የሚገባ ነገር ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረውም ደመወዝ በቀጥታ በባንክ ሒሳብ ስለ መግባቱ፥ ይልቁንም ከገባ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው።

በቀድሞ ዘመን ለአገልጋይ የሚሰጠው ዋጋ ብዙውን ጊዜ እህልና ልብስ፥ ማርና ማደሪያ መሬት ነበረ። ገንዘብ በሆነ ጊዜም የማርያ ቴሬዛ ብር ነበርና፥ አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን አንድ ሺህ ብር ለማድረስ 28 ኪሎ መጫን ግድ ይሆን ነበር። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥቱ ባንክ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተብሎ በሁለት ተከፈለ። የባንክ ሥራ በዚህ አኳኋን ቢሰፋም፥ ብዙው ሠራተኛ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ደመወዙን የሚቀበለው በገንዘብ ያዡ መስኮት ፊት ተሰልፎ፥ በመዝገብ ላይ ፈርሞ ነበር። በሰልፉ ግማሽ ቀን ይጠፋል፤ አበዳሪ በበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኪስ አውላቂም የደመወዙን ቀን ከሠራተኛው ይልቅ ያውቃል። ይሁን እንጂ አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ገንዘቡ ይታይ ነበር። አባት ፖስታውን በጠረጴዛ ላይ ሲያኖር እናት ትቆጥረዋለች፤ ይህ ለቤት ኪራይ፥ ይህ ለጤፍ፥ ይህ ለዕቁብና ለዕድር ተብሎ ይከፈላል።

ዛሬ ግን ደመወዝ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ የእያንዳንዱን ሰው ስም፥ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የተጣራ ደመወዝ የያዘ ዝርዝር ያዘጋጃል። ከጠቅላላው ደመወዝ የሥራ ግብርና ከመቶ 7 የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ ከመቶ 11 ይጨምራል። ስለዚህ 10 ሺህ ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 700 ብር፥ አሠሪው 1,100 ብር ለጡረታ ያዋጣሉ ማለት ነው። ኀላፊዎች ከፈረሙ በኋላ ዝርዝሩ ከትእዛዝ ደብዳቤ ጋራ ወደ ባንክ ይላካል፤ ባንኩም ከመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ቀንሶ በየሠራተኛው ሒሳብ ያስገባል። የሠራተኛው ባንክ ከመሥሪያ ቤቱ ባንክ የተለየ እንደ ሆነ፥ ገንዘቡ ከባንክ ወደ ባንክ ስለሚተላለፍ አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል።

ከዚህ የተነሣ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር ሦስት ነገሮችን አይርሳ። አንደኛ፥ በመታወቂያው፥ በቅጥር ደብዳቤውና በባንክ ደብተሩ ላይ ያለው ስም አንድ ዐይነት መሆኑን ይመልከት። ሁለተኛ፥ የሒሳብ ቁጥሩን በቃሉ አይናገር፤ ከደብተሩ ገልብጦ፥ በጽሑፍ ፈርሞ ይስጥ፥ ግልባጩንም ያስቀምጥ። የንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ አለው፤ ከነዚህ አንዱ ቢሳሳት የወር ድካም ከማያውቁት ሰው ሒሳብ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለ ገንዘብ የደረሰው ሰው ሲሳይ ነው ብሎ ዝም ሊል አይገባውም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይገባውን ክፍያ የተቀበለ ሰው እንዲመልስ ያዝዛልና። ሦስተኛ፥ ባንክ የሚለውጥ ሠራተኛ የመጀመሪያው ደመወዝ በአዲሱ ሒሳብ መግባቱን ሳያይ አሮጌውን አይዝጋ።

በስልክ የሚመጣው አጭር መልእክት ገንዘብ መግባቱን ይናገራል እንጂ ምን እንደ ተቀነሰ አይናገርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጠቅላላውን ደመወዝ፥ የተቀነሰውን ገንዘብ መጠንና ዐይነት፥ የተጣራውንም ክፍያ የሚገልጥ መዝገብ እንዲይዝ፥ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜም እንዲያሳየውና እንዲያስረዳው ያስገድዳል። ሕግ፥ የኅብረት ስምምነት፥ የሥራ ደንብ፥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ በቀር ከደመወዝ መቀነስ አይቻልም፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ ከሲሶው አይበልጥም። ሠራተኛው የተከፈለውን ዝም ብሎ በመቀበሉ የቀረውን እንደ ተወ አይቈጠርበትም። እንግዲህ የጐደለው ሰው ከባንኩ ጋራ ከመጣላቱ በፊት መሥሪያ ቤቱ ሄዶ መዝገቡን ይጠይቅ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው በመሥሪያ ቤትና በባንክ መካከል ያለውን ነው። የሚበልጠው ነገር ግን በቤት ውስጥ ያለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ በጸሐፊነት ወደማገለግልበት ፍርድ ቤት አንዲት እናት ሁለት ልጆች አስከትላ መጣች። ባሏ የአንድ ድርጅት የሌሊት ዘበኛ ነበረና ድንገት ታሞ ሞተ። «ጌታዬ፥ ደመወዙ በባንክ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ በየትኛው ባንክ እንደ ሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም» አለችኝ። ስልኩ በሐኪም ቤት ግርግር ጠፍቷል። ድርጅቱም ሥራውን ዘግቶ ስለ ነበር የሚጠየቅ ሰው አልተገኘም። ሦስት ባንክ ዞረች፤ ባንክ የደንበኛውን ምሥጢር ለጠየቀው ሁሉ አይገልጥምና በየበሩ መለሷት። እርሷ የቤት ኪራይ አጥታ ከጎረቤት ስትበደር፥ ባሏ በብርድ ሌሊት ቆሞ ያጠራቀመው ገንዘብ ስሙን ብቻ ይዞ ተቀምጦ ነበር። በአራተኛው ወር የሟቹን አሮጌ ካፖርት ለወንድሙ ልትሰጥ ኪሱን ስትፈትሽ፥ የሒሳብ ቁጥር የተጻፈባት አንዲት የባንክ ደረሰኝ አገኘች። ያችን ይዛ ስትመጣ፥ የልጆቿ ወራሽነትና የእርሷ የጋራ ንብረት ድርሻ በፍርድ ቤት ተረጋገጠ፤ ገንዘቡም ተከፈላት። ወረቀቱን ስሰጣት «እርሱኮ ክፉ ሰው አልነበረም» አለችኝ። እኔም አመንኋት። መናገር የሚያስፈልግ ስላልመሰለው ብቻ ነበር።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ቃል እንደዚያ ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ስለዚህ ባል ወይም ሚስት የባንኩን ስም፥ ቅርንጫፉን፥ የሒሳቡን ቁጥርና የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ በአንዲት ወረቀት ጽፈው፥ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ከሚቀመጡበት ሣጥን ያኑሩት። ይህን ማድረግ ሞትን መጥራት አይደለም፤ ለሚወዱት ሰው ማሰብ ነው።

ሕጉም ከዚህ አሳብ ጋራ ይስማማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው ይላል። እያንዳንዳቸው ገቢያቸውን ራሳቸው ይቀበላሉ፤ በግል ወይም በጋራ ስም በባንክ ሊያስቀምጡት ይችላሉ፤ ነገር ግን አንደኛው በጠየቀ ጊዜ ሌላው ስለ ተቀበለው ገቢ ሒሳብ ማስረዳት አለበት። እንግዲህ ሚስት «ስንት ገባ?» ብላ ብትጠይቅ መጠርጠር አይደለም፤ ባልም የሚስቱን ደመወዝ ቢጠይቅ እንደዚሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የነፈገ ሰው የሚስጥር ገንዘብ አገኘሁ ይል ይሆናል፤ በኋላ በችሎት ፊት የሚዘረዘረው ግን ያው ገንዘብ ነው።

ይህን ስንል የካርድን ምሥጢር ቁጥር ለሰው ሁሉ ስጡ ማለታችን አይደለም። በስልክ ደውሎ «ከባንክ ነኝ፥ ምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል ሰው ሌባ ነውና አንድ ቃል ሳይመልሱ ስልኩን መዝጋት ይገባል። ከዚህም የሚከፋው፥ አንዳንድ የተቸገሩ ሰዎች ካርዳቸውን ከነምሥጢር ቁጥሩ ለአበዳሪ በመያዣ መስጠታቸው ነው። ደመወዙ በገባበት ሰዓት አበዳሪው ይቀድምና የልጆቹን እንጀራ ከነወለዱ ይወስዳል። አራጣ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለ ችግር የያዘው ሰው አፍሮ ከመደበቅ ይልቅ አስቀድሞ ለትዳር ጓደኛው፥ ከዚያም ለሕግ አዋቂ ይንገር።

እንግዲህ እያንዳንዱ ቤት የቀድሞውን ፖስታ መልካም ልማድ ሳይተው የአሁኑን ምቾት ሊጠቀምበት ይችላል። ደመወዝ በገባ ማግሥት ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ የገባውን በቀኝ፥ የሚወጣውን በግራ ይጻፉ። ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ አስቀድሞ ይለይ። ለቁጠባ የሚሆነውም ከቀረው ሳይሆን ከመጀመሪያው ይነሣ፤ ባንኩ በየወሩ ራሱ ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ እንዲያዛውረው በጽሑፍ ማዘዝ ይቻላል። ጳጉሜንንም አትርሷት። የወር ደመወዝተኛ በዓመት የሚቀበለው ዐሥራ ሁለት ጊዜ ነው፤ እነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀኖች ግን ደመወዝ ሳያመጡ ይበላሉ፥ ከበስተኋላቸውም የዘመን መለወጫ ዶሮና የልጆች ደብተር ይከተላል። ከመስከረም ጀምሮ ለእነርሱ ጥቂት ጥቂት ያስቀመጠ ቤት በነሐሴ መጨረሻ ከማንም ደጅ አይቆምም።

ባንክ ገንዘብን ከሌባ ይጠብቃል፤ ከዝምታ ግን ሊጠብቅ አይችልም። ይህን ያነበባችሁ ባለ ትዳሮች ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንድ ወረቀትና እርሳስ አምጥታችሁ «ደመወዜ የሚገባው እዚህ ነው» ተባባሉ። ዐሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ያች እናት ግን አራት ወር ሙሉ ስትፈልገው የነበረ ነገር ነው።