ለ«አንድ ልብ» የሚሰጥ የስምምነት መልስ

ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙባት በካርቱም ከተማ ከ1899 እስከ 1956 ድረስ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ) ሱዳንን በእንግሊዝና በግብፅ ስም ያስተዳድሩ የነበሩት የእንግሊዝ ሹማምንት፣ የቀኑ ሐሩር በርዶ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በተዘጋ ጊዜ፣ በየክለባቸው ተሰብስበው ምሽቱን ከሚያሳልፉባቸው ጨዋታዎች አንዱ ብሪጅ ነበረ። ነገር ግን ጨዋታው ከእንግሊዝ ምድር የበቀለ አይደለም፤ ጥንተ ነገሩ በዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት በቍስጥንጥንያና በምሥራቅ ሜዲትራንያን ከተሞች እንደ ነበረ ይታመናል፤ በ1886 በሎንዶን የታተመችው ትንሽ የሕግ መጽሐፍም «ቢሪች» ወይም የመስኮብ ዊስት ትለዋለች። ዛሬ የሚታወቀውን መልክ የሰጠው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ነው፤ እርሱም በ1925 መጸው ፊንላንድ በምትባል መርከብ በፓናማ ቦይ በኩል ሲጓዝ አዲሱን የነጥብ አቈጣጠር ደንግጎ ከባልንጀሮቹ ጋር ተጫወተበት። ለሱዳን ጎረቤት ከሆነችው ከግብፅ የተገኘው የፊልም ተዋናይ ዑመር ሸሪፍም በ1964 በኒው ዮርክ በተደረገው የብሪጅ ኦሊምፒያድ ለአገሩ ተሰልፏል።

ኮንካን ለለመደ አንባቢ የጨዋታውን መሠረት መግለጥ አያስቸግርም። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ ተጣማሪዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ኀምሳ ሁለቱ ካርታ ለእያንዳንዱ ዐሥራ ሦስት ይደርሰዋል። ካርታው ከመጣሉ አስቀድሞ ጨረታ አለ፤ በጨረታውም እያንዳንዱ ወገን ከዐሥራ ሦስቱ ዙር ስንቱን እንደሚበላና ከአራቱ ዓይነት (ከስፔድ፣ ከልብ፣ ከዳይመንድ፣ ከአበባ) የትኛው በሌሎቹ ላይ ገዢ እንደሚሆን፣ ወይም ጨዋታው ያለ ገዢ እንደሚሄድ ቃል ይገባል። ለዚህ የተፈቀዱት ቃላት ከ«ፓስ» ጀምሮ በጠቅላላው 38 ብቻ ናቸው፤ አንድ ሰው ሊደርሰው የሚችለው የካርታ ዕድል ግን በቍጥር 635,013,559,600 ነው። ይህን የሚያህል ብዛት በዚያች ጥቂት መዝገበ ቃላት ለመግለጥ፣ ያውም ዐይን ሳይጠቅሱና ድምፅ ሳይለውጡ ለባልንጀራ ለማስታወቅ የተነሡ ሰዎች፣ ለቃላቱ ከቁም ትርጕማቸው የተለየ ፍቺ በስምምነት መስጠታቸው ግድ ሆነ።

«አንድ ልብ» ብሎ ጨረታውን የሚከፍት ሰው፣ በብዙዎች ሥርዐት፣ አምስት ወይም ከዚያ የበለጠ ልብ መያዙን፣ አስ አራት፣ ንጉሥ ሦስት፣ ንግሥት ሁለት፣ ጃክ አንድ ሆነው ሲቈጠሩም ዐሥራ ሁለት ያህል ነጥብ እንዳለው ይናገራል። ሦስት ልብና ከ6 እስከ 9 ነጥብ ያለው ጓደኛ «ሁለት ልብ» ቢለው ቃሉና ምሥጢሩ አንድ ነው፤ የሚያስጨንቀው ጓደኛው አራት ልብና የበለጠ ኀይል ሲይዝ ነው። ወዲያው «አራት ልብ» ብሎ (በቃሉ ያለው ቍጥር ከስድስት ዙር በላይ ያለውን ብቻ ይቈጥራልና) ዐሥር ዙር ለመብላት ቃል ቢገባ፣ ምናልባት ዐሥራ ሁለት ዙር የሚገኝበትን መንገድ በገዛ አፉ ይዘጋዋል፤ ከ«አንድ ልብ» እስከ «አራት ልብ» መካከል ያሉት ዐሥራ አራት ቃላትም ሳይሠራባቸው ይቀራሉ።

ከእነዚህ አንዱን፣ «ሁለት ያለ ገዢ» የሚለውን፣ በመድን ሒሳብ ሊቅነቱ የታወቀው አሜሪካዊው ኦስዋልድ ጃኮቢ ለዚህ ጕዳይ አዋለው። ቃሉ በቁሙ ጨዋታው ገዢ ዓይነት የሌለው ይሁን ማለት ነው፤ በስምምነቱ ግን ተቃራኒውን፣ «አራት ልብ ይዤ ልብህን ደግፌአለሁ፤ ዐሥር ዙር ሳንደርስ አናቆምም፤ አሁን የአንተን እጅ ንገረኝ» ማለት ነው። ከፋቹም አንድ ብቻ የያዘበት ወይም ጭራሽ የሌለው ዓይነት ካለ እርሱን በሦስት ደረጃ ይጠራል፤ እንዲህ ያለ ጕድለት ከሌለውና ኀይሉም ትንሽ ከሆነ «አራት ልብ» ብሎ ያርፋል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ስፕሊንተር የሚሉት፣ ዶሮቲ ትራስኮት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካወጡት ሰዎች አንዷ የሆነችበት መልስ ነው። ከፋቹ በስፔድ ንጉሥና 4፣ በልብ አስ፣ ንግሥት፣ 10፣ 7፣ 3፣ በዳይመንድ አስ፣ ንግሥት፣ 6፣ 2፣ በአበባ 8 እና 5 ይያዝ። ጓደኛው በስፔድ አስ፣ ንግሥት፣ 7፣ 5፣ በልብ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 8፣ 2፣ በዳይመንድ ንጉሥ፣ 9፣ 7፣ 4፣ በአበባ 3 ብቻ ይዞ «አራት አበባ» ይላል። ይህ ቃል አበባ አለኝ አይደለም፤ ልብህን እደግፋለሁ፣ አበባ ግን ከአንድ አይበልጥልኝም ማለት ነው። ከፋቹ ያን ጊዜ ሁለቱን ከንቱ አበባዎቹን ይመለከትና አንዱ እንደሚበላበት፣ ሁለተኛውን ግን በጓደኛው ልብ ቈርጦ እንደሚበላው ያውቃል። የሁለቱ ነጥብ ተደምሮ 28 ብቻ ነው፤ ለዐሥራ ሁለት ዙር 33 ያህል ነጥብ ይፈለጋል የሚባለው ሕግ ባይሟላም ዐሥራ ሁለቱ ዙር ይገኛል። ከፋቹ በአበባ ንጉሥና ንግሥት ይዞ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ኀይል በጓደኛው ጕድለት ፊት ስለሚባክን፣ በ«አራት ልብ» መቆም ይገባው ነበር።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። ማርቲ በርገን «ሦስት አበባ»ንና «ሦስት ዳይመንድ»ን አራት ልብ ላለው ደጋፊ የኀይል መለኪያ አደረጋቸው፤ ዳግላስ ድሩሪ አስቀድሞ «ፓስ» ያለ ሰው «ሁለት አበባ» ሲል የልብ ድጋፍና ደኅና ኀይል እንዲገልጥ ደነገገ፤ ኤድጋር ካፕላን ደግሞ «አንድ ስፔድ»ንና «አንድ ያለ ገዢ»ን ፍቺ ለፍቺ አለዋወጠ።

ይህ ሁሉ ለቅኔ ሰው ሰምና ወርቅ ይመስለው ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን እጅግ ትልቅ ነው፤ የብሪጅ ሕግ ወርቁ ለተጋጣሚም እንዲገለጥ ያዝዛልና። በብዙ አገር ውድድር የስምምነት ቃል በወጣ ጊዜ የተናጋሪው ጓደኛ ወዲያው ምልክት ይሰጣል፤ ተጋጣሚ ቢጠይቅ ፍቺውን የሚናገረውም ራሱ ተናጋሪው ሳይሆን ጓደኛው ነው፤ ተናጋሪውም ጓደኛው ተሳስቶ ሲፈታ ቢሰማ እንኳ እንዳልሰማ ሆኖ መጫወት አለበት። ሕጉ ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ በ1965 በቦነስ አይረስ በዓለም ሻምፒዮና የተነሣው ክስ ያስረዳል፤ እንግሊዛውያኑ ቴረንስ ሪስና ቦሪስ ሻፒሮ ከካርታው ጀርባ በሚያሳዩት የጣት ቍጥር ስንት ልብ እንደ ያዙ ይነጋገራሉ ተብለው ተከሰሱ። እነርሱ ካዱ፤ የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ጥፋተኞች ናቸው ሲል በአገራቸው የተደረገው ምርመራ ግን በ1966 ነጻ አወጣቸው። የልብን ብዛት በተገለጠ ስምምነት በቃል ማስታወቅ ጥበብ ነው፤ ያንኑ በጣት መንገር ግን ነውር ነው፤ እኔም ይህ ፍርድ የጨዋታው ክብር ሁሉ የቆመበት መሠረት ነው እላለሁ።

ስለዚህ በካርቱምም ሆነ በአዲስ አበባ ከወዳጁ ጋር ብሪጅ ሊማር የሚወድ አንባቢ፣ አስቀድሞ ቃሉና ፍቺው አንድ የሆነውን መልስ አጥብቆ ይያዝ፤ ከዚያ የጃኮቢንና የስፕሊንተርን መልስ ብቻ ይጨምር፤ ከወዳጁ ጋር የተስማማበትንም በወረቀት ጽፎ ለተጋጣሚዎቹ ያሳይ።