የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና ከጮቄ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቹ

በሀገራችን ስለ ከፍተኛ ትምህርት በተነሣ ቍጥር የሰው አሳብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ታላላቆቹ ከተሞች ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ፤ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ምሥራቅ ጎጃም ግን ሊቃውንትን በማፍራት ከማንም ሳያንስ፥ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ለማየት ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት የበለጠ ጊዜ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተቀብሎ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአማራ ክልል ካሉት 10 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፥ በቡሬ ሌላ ቅጥር ግቢ አለው፤ ሕግን፥ ጤናን፥ እርሻን፥ የመምህርነትን ሙያና የምሕንድስናን ጥበብ ያስተምራል።

እንግዲህ የዚህን ትምህርት ቤት ሥራ ለመመዘን ሕንፃውን መቍጠር አይበቃም። ብርሃኑ ከቅጥሩ አልፎ እስከ የት እንደ ደረሰ መመልከት ይገባል። ለዚህም ብቸናንና ሞጣን መርጠናል።

የቦታውን አቀማመጥ ላሰበ ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ከጮቄ ተራራ በስተ ደቡብ፥ ብቸና በምሥራቅ፥ ሞጣ ደግሞ በሰሜን ይገኛሉ። ሦስቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የማያንስ ከፍታ ያላቸው የደጋ ከተሞች ናቸው፤ በመካከላቸው የቆመው ጮቄ ግን ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከእርሱም የሚፈልቁት ብዙ ወንዞች ዓባይን ይመግባሉ። ስለዚህ የብቸና ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ፥ ወደ ደጀን ወርዶ በዋናው ጎዳና ዞሮ መውጣት የቈየ ልማዱ ነው። በዓይን ቅርብ የሆነው በእግር ሩቅ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ሁለት አገሮች ትምህርትን ያወቁት ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ስሕተቱ ታላቅ ነው። በብቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ የሚዘረጋበት ስመ ጥር ደብር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ለንባብ ያበቁት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች ደብረ ኤልያስ፥ ደብረ ወርቅና ይኸው ዲማ ይገኙባቸዋል።

የቅኔውን ትምህርት ሥርዓት ያየ ሰው ብዙ ነገር ይማርበታል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከቤተ ሰቡ ርቆ ይመጣል፤ በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ ያድራል፤ ቍራሽ እየለመነ ይመገባል። ግሡንና አገባቡን ካወቀ በኋላ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ በደረጃ ይወጣል። ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የጐደለውን ያቀናለታል። ትናንት የነገረውን ዛሬ ሊደግመው አይችልም፤ የጓደኛውንም ሊወስድ አይችልም። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ማስታወሻ እያባዙ ለሚያድሉና ያንኑ አጥንተው ለሚፈተኑ ለዘመናችን ሰዎች ይህ ሥርዓት ሊያስቀናቸው ይገባ ነበር።

የዚህን ትምህርት ወጪ የሚሸከመው ደግሞ የአካባቢው ገበሬ ነው። በየደጁ የሚዘረጋው ቍራሽ እንጀራ ባይኖር ጉባኤው አንድ ወር አይቈምም። ገበሬውም የሰጠው እንጀራ ወዴት እንደ ሄደ ያውቃል፤ ክርስትና የሚያነሣለትን ካህን፥ ውል የሚጽፍለትን ጸሐፊ፥ ነገሩን የሚያይለትን ሽማግሌ ከዚያው ያገኝ ነበርና። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ቅኔው የሚነገረው በግዕዝ ቢሆንም፥ ሰሙና ወርቁ በአማርኛ ይተረጐማል።

ወደ ሞጣም ብንሻገር የምናገኘው ይህንኑ የሚመስል ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያቋቋሟት የሞጣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፥ በብራና መጻሕፍቷ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ውሎችን ይዛ ኖራለች። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው የጽሑፍን ኀይል ጠንቅቆ ያውቃል፤ ማን እንደ ጻፈውና ስለ ምን እንደ ተጻፈ ሳይረዳ የሚመጣበትን መዝጋቢ ግን አይወድም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ሞጣና ብቸና ለተቃውሞ ከተነሡት የጎጃም አውራጃዎች ግንባር ቀደሞቹ ነበሩ። የመሬቱ መለካት ርስቱን ያሳጣኛል የሚል ፍርሃት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ይህን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። ዛሬም ወደ ገበሬው ደጅ የጥያቄ ወረቀት ይዞ የሚመጣ አለ፤ እርሱም የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው። ስንት ጥማድ እንደሚያርስ፥ ስንት ኩንታል እንደሚያገባ፥ ስንት ልጅ እንደ ወለደ ይጠይቀዋል፤ ገበሬውም ሥራውን ትቶ ይመልሳል። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ተመራማሪው ማዕርጉን ያገኝበታል፤ መጽሐፉም ከመደርደሪያ ይገባል። የመለሰው ሰው ግን የመልሱን ትርጓሜ አይሰማም። ይህ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ጕድለት ነው። ከዲማ ጉባኤ አጠገብ ሲታይ ግን ይልቁን ጎልቶ ይታያል።

ጥናት የሚያሻው ጕዳይም የጠፋ አይደለም። ብቸና ዋና ከተማው የሆነችው የእነማይ ወረዳ አፈሩ ብዙው ዋልካ ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ገበሬውም ውኃ የሚያወጣ ትልም እያበጀ፥ የዘር ጊዜውን እያዘገየ ጤፉን ያበቅላል። በጮቄ ግርጌ ያለው የደጋ መሬት ደግሞ አፈሩ እየኰመጠጠ የሚሄድ ነው፤ መድኀኒቱ ኖራ እንደ ሆነ ቢታወቅም፥ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ከማጓጓዣው ጋር ለድኻ ገበሬ አይቀመስም። በባህሉ በኩል ግን ዩኒቨርሲቲው የሚመሰገንበት ሥራ ጀምሯል፤ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የባህል ጥናት ተቋም ማቋቋሙ የአባቶችን ጉባኤና የዘመኑን ትምህርት ለማገናኘት መልካም በር ነው።

ስለ ልጆቹ ያለው ነገር ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲዎቹ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፥ ከገጠር ወረዳ የመጣው ብዙ ልጅ የዩኒቨርሲቲን ደጅ ያየው ያኔ ነበር። በመላው ሀገር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ፈተናም ያለፉት ከመቶ 5.4 ነበሩ። ስለዚህ አብዛኛው ልጅ ግቢውን ለፈተና ገብቶበት፥ ወጥቶ ቀረ። በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት በመነሣቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2016 ዓ.ም.ም የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ሳይጠሩ ወራት አለፉ። ከትምህርት የተለየው ልጅ ዕድሜው አይጠብቀውም።

አንዳንዶች ይህን አይተው መድኀኒቱ በየከተማው ዩኒቨርሲቲ መሥራት ነው ይላሉ። ምኞታቸውን አንነቅፍም፤ ዩኒቨርሲቲ ለሚከፈትበት ከተማ የቤት ኪራይ፥ ገበያና ሥራ ይዞ ይመጣልና። ሆኖም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መምህርና ቤተ ሙከራ ሳይሟላለት፥ ከአጠገቡ ታላቅ ሕንፃ ቢቆም፥ ሕንፃው የሚሞላው ከሩቅ በመጣ ተማሪ ነው፤ የብቸናና የሞጣ ልጅ ሻይ ይሸጥለታል።

ስለዚህ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካለው ቢጀምር ይሻላል እንላለን። መምህራኑ በየክረምቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች ወጥተው የሒሳብና የሳይንስ አስተማሪዎችን ቢያግዙ፤ ስለ ዋልካው አፈር የተጻፈው ጥናት ገበሬው በሚሰማው አማርኛ ተመልሶ በብቸና የእርሻ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ፤ የሞጣ ጊዮርጊስ ብራናዎች ካህናቱ ፈቅደው በፎቶግራፍ ቢነሡና አንዱ ቅጂ እዚያው ቢቀር፤ የዲማ የቅኔ መምህር በሐዲስ ዓለማየሁ ተቋም እንደ ተጠያቂ ሳይሆን እንደ መምህር ቢቀመጡ፥ ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ጥቂት ተርጓሚዎችና ከጮቄ ማዶ የሚያመላልስ አንድ መኪና ይበቃል።