ምድጃ፣ እበትና ድጎማ

ሦስቱ ጉልቻ ብዙ ዘመን አብልቶናል። እንጀራው የሚጋገረው፣ ወጡ የሚሠራው፣ ቡናው የሚፈላው በሱ ላይ ነው። ግን ጉልቻ ራሱም በላተኛ ነው። ዙሪያው ክፍት ስለሆነ የእሳቱ ሙቀት ወደ ምጣዱ ብቻ አይሄድም። ግድግዳውን ያሞቃል፤ የጋጋሪዋን ፊት ይለበልባል። ነፋስ ሲገባበትማ ነበልባሉ ይጋደምና እንጨቱ ያለ ሥራ ያልቃል።

ጭሱም አለ። ጭስ ዓይን አስለቅሶ ብቻ አይቀርም፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ እሳት ዳር የሚውል ሕፃን በሳንባ ምች በቀላሉ ይያዛል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደሞተ ገምቷል።

ማገዶውስ ከየት ይመጣል? ዛፉ ሲያልቅ ኩበት ይነዳል። ኩበት ማለት ደግሞ ማሳ ላይ መዋል የነበረበት ፍግ ነው። ፍጉ ሲነድ መሬቱ ይከሳል። መሬቱ ሲከሳ እህሉ ይቀንሳል። እንግዲህ ነገሩ ከማጀት ተነሥቶ ጎተራ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው።

ምርጥ ምድጃ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። ሲሚንቶ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በቅርጽ ይወጣል። አራቱ ክፍሎች ሲገጣጠሙ እሳቱን ዙሪያውን ያጥሩታል፤ ምጣዱም በላያቸው ይቀመጣል። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ድስት ይሸከማሉ። እሳቱ ስለታጠረ ሙቀቱ ምጣዱ ሥር ይቀራል፤ ወደ ኋላ የሚያመልጠውም ድስቱን ያሞቃል። በደንብ የተሠራና በደንብ የተተከለ ከሆነ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ጭሱን ግን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ስለዚህ መስኮቱ ይከፈት።

ስትገዙ ጠርዙን በጣት ፈግፍጉት። ከረገፈ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይም በቂ ውኃ ሳይጠጣ ቶሎ ደርቋል። የምጣዳችሁንም ስፋት በገመድ ለክታችሁ ሂዱ። ምጣዱና ምድጃው ካልገጠሙ እሳቱ በክፍተቱ ይወጣል፤ ገንዘቡም አብሮት ወጣ ማለት ነው።

ውድ ነው የሚል አለ። እስቲ በወረቀት እናስላው። አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ሸክም እንጨት ይፈጃል እንበል። ምድጃው ግማሹን ካስቀረ በወር አራት ሸክም ይተርፋል። አሁን በናንተ ገበያ የአንዱን ሸክም ዋጋ በአራት አባዙ። የምድጃውን ዋጋ ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። የሚወጣው ምድጃው በስንት ወር ዋጋውን እንደሚመልስ ይነግራችኋል። እንጨት የማይገዛ፣ ከዱር የሚለቅም ቤት በብር ሳይሆን በሰዓት ያስላ። የሴቶቹንና የልጆቹን ድካም ማንም ስለማይከፍለው ነፃ ይመስላል እንጂ ነፃ አይደለም።

ከብት ላለው ቤት ደግሞ ባዮጋዝ አለ። ከመሬት ሥር አየር የማይገባበት ማብላያ ይገነባል። እበት በልኩ ውኃ ተበጥብጦ ይገባበታል። እዚያ ሲብላላ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በቧንቧ ወደ ምድጃና ወደ መብራት ይሄዳል። እበቱ ግን አይጠፋም። ፈሳሽ ሆኖ በሌላ በኩል ይወጣና ለማሳ ጥሩ ፍግ ይሆናል። ወይ ማገዶ ወይ ፍግ የሚባለው ችግር እዚህ ቤት ቀለለ ማለት ነው። እንጀራ ላይ ብቻ ባዮጋዝ ይደክማል። ምጣድ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ጋዝ ይፈጃል፤ ባዮጋዝ ያለው ቤትም ብዙ ጊዜ ለእንጀራ ሌላ ምድጃ ያስፈልገዋል።

የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ሥራ ጀመረ። ድጎማም ነበረው። ድጎማ ማለት ከወጪው ከፊሉን ሌላ ሲሸፍንላችሁ ነው። የቀረውን ባለቤቱ ይችላል፤ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ገንዘብም ይጨምራል። በመጀመሪያው ዙር 14,000 ማብላያ ታቅዶ እስከ 2006 ዓ.ም. የተሠራው 8,000 ያህል ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር። እንዲህ ያለው ድጎማ የሚቀናው ቀድሞም ላለው ነው። ማብላያው በየቀኑ 20 ኪሎ ያህል እበት ይበላል። ይህም አራት ያህል ከብት፣ ያውም ቤት የሚያድር ከብት፣ ቅርብ የሆነ ውኃም ይጠይቃል። ከብቱ በበጋ ወደ ሩቅ ግጦሽ ከተነዳ ማብላያው ይራባል። ባሏ የሞተባትና አንዲት ላም ብቻ ያላት ሴት ድጎማው በስሟ ቢጻፍላት እንኳ ምን ታደርገዋለች? ለሷ የሚቀርባት ምርጥ ምድጃና ትንሽ የፀሐይ መብራት ነው። እርዳታ ሲመጣ በስብሰባ ላይ እንዲህ ያሉት ቤቶች መጀመሪያ ይጠሩ ብሎ መናገር ነውር የለበትም።

እርዳታው በየወረዳው ይለያያል፤ ከዓመት ዓመትም ይቀያየራል። ስለዚህ በወሬ አትያዙ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጠይቁ፤ ወረዳ ስትወርዱ ደግሞ የኢነርጂ ሥራ የያዘውን ጽሕፈት ቤት። ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ስንቱ ይደጎማል? የኛ ድርሻ በጉልበት ነው ወይስ በጥሬ ገንዘብ? ድጎማ ከሌለም እቁብ አለ። አሥር ሴቶች ቢሰባሰቡ በየወሩ ለአንዷ ምድጃ ይገዛል። ወይም ሁሉም አጠራቅመው በአንድ ጊዜ ቢገዙ ምድጃው ከባድ ስለሆነ የጋሪውን ኪራይ ይካፈላሉ።

ብድር ከሆነ ወለዱንና የመክፈያውን ወር አስቀድማችሁ እወቁ። ክፍያው ከመኸር በፊት ከዋለ በሬ ያሸጣል፤ እህል ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን ጠይቁ። አሁን ማንበብ ችላችኋልና ውሉን ሳታነቡ ጣታችሁን ቀለም አታስነኩ። የማይገባችሁ ቃል ካለ አስቁሙና አስረዱን በሉ። ቧንቧው ቢያፈስ ወይም ምድጃው ቢሰነጠቅ ማን እንደሚጠግን፣ በስንት ጊዜም እንደሚመጣ በውሉ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ እናንተ ቤት፣ ውኃም አይጥም የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።